ካሜራ የመሰከረው ተአምር

ፊልም ሰይጣንን ለማሳየት ብዙም አይቸገርም። ዊልያም ፍሪድኪን እ.ኤ.አ. በ1973 ለእይታ ያበቃው «ዘ ኤግዞርሲስት» ውስጥ የካህናቱ ትንፋሽ እንደ ጉም ሲወጣ የምናየው የመኝታ ክፍሉ በማሽን እስኪያንቀጠቅጥ ድረስ እንዲቀዘቅዝ ስለተደረገ ነው፤ አንገቷ ዞሮ ወደ ኋላ የሚያየውም ጋኔን በያዛት ልጅ ምትክ የተቀመጠ አሻንጉሊት ነው። ተመልካቹ ይደነግጣል፤ ድንጋጤና እምነት ግን ለየቅል ናቸው። ተንኮሉ በረቀቀ ቁጥር «እንዴት ሠሩት?» የሚለው ጥያቄ ይቀድማል። ፊልም ስለ መንፈሳዊው ዓለም ቁም ነገር የሚናገረው ተአምሩ ሰዎቹን ምን እንዳደረጋቸው ሲያሳየን ነው ባይ ነኝ።

ዴንማርካዊው ካርል ድሬየር እ.ኤ.አ. በ1955 በሠራው «ኦርዴት» ውስጥ በወሊድ የሞተችው ኢንገር ሬሣ ሣጥን ውስጥ ተጋድማለች። በሃይማኖት ወገን ተለይተው ሲናቆሩ የኖሩ ሁለት የቤተሰብ አባቶች አጠገቧ ታርቀዋል። ክርስቶስ ነኝ ሲል የከረመው ዮሐንስ አእምሮው ተመልሶለት ይገባና፣ ሟቿ እንድትነሣ እግዚአብሔርን የለመነ አንድ ሰው እንኳ በመካከላቸው አለመገኘቱን ይወቅሳል። ትንሿ ልጇ ብቻ እጁን ይዛ ታጣድፈዋለች። ከዚያ የኢንገር ጣቶች ቀስ ብለው ይንቀሳቀሳሉ። መብረቅ የለ፣ ከሰማይ የወረደ ብርሃን የለ። ለፍርድ የቀረቡት እዚያ የቆሙት ጸሎተኞች ናቸው።

ይህን የሚቃወም ሰው የቤተ ክርስቲያናችንን ሥዕል ሊጠቅስ ይችላል፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን በግላጭ ይወጋል፣ ሠዓሊው ምንም አልሸሸገም፣ ታዲያ ፊልም ለምን ይቆጠብ? ሙግቱ ቀላል አይደለም። ሆኖም ሠዓሊው በቦታው ነበርኩ አይልም። ጻድቁን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት፣ ክፉውን በአንድ ዓይን በጎን ሲሥል ምእመኑ ምልክቱን ያውቀዋል፤ እንዴት ተሠራ ብሎ አይመረምርም። ካሜራ ግን በዓይኔ አየሁ የሚል ምስክር ነው፤ ምስክር ደግሞ መስቀለኛ ጥያቄ አይቀርለትም። ድሬየር ከዚህ ያመለጠው ተአምሩን ደብቆ አይደለም፤ አሳይቷል እንጂ። ጣት ሲንቀሳቀስ ብልሃቱን የሚጠይቅ ግን የለም።

እንዲያውም «ዘ ኤግዞርሲስት» ራሱ የሚያግዘኝ ይመስለኛል። ከአሻንጉሊቱ ይልቅ የሚከብደው አባ ካራስ ነው፦ እናቱ ብቻዋን በመሞቷ የሚጸጸት፣ እምነቱ የላላበት፣ በመጨረሻ ግን ጋኔኑን ከልጅቷ ወደ ራሱ ጠርቶ በመስኮት የሚወረወር ካህን። ለዚያ ውሳኔ ምንም ማሽን አላስፈለገም።