የተጠበቀ ካራና የሚሠራበት ካራ

ካራና ቢላዋ፥ ጩቤና ጎራዴ ሰብስቦ የሚያኖር ሰው ይሠራባቸው ዘንድ ይገባዋልን? ወይስ እንዳሉ ይጠብቃቸው ዘንድ? ጥያቄው ሥራ የፈታ ሰው ጥያቄ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ እኔም እስካለፈው የካቲት ወር ድረስ እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን በአገራችን በጎጃም ከሣጥኑ ግርጌ በጨርቅ የተጠቀለለ ስለት የማይገኝበት የጥንት ሰው ቤት ጥቂት ነው። በአንዳንድ አድባራት ዕቃ ቤትም ባለ ስእለት ያገባው የጦር መሣሪያ ከመስቀሉና ከጽናጽሉ ጋራ ተቀምጦ ይገኛል። (የካራ ስለትና የባለ ስእለት ስእለት በአነጋገራችን አንድ ድምፅ ሆነው መቅረታቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል።) ስለዚህ ነገሩ የአንድ ሰብሳቢ ብቻ ሳይሆን የብዙዎቻችን ነው።

እኔ በደብረ ማርቆስ ከተማ የምኖር ሰው ነኝ፤ በሃያ ዓመት ውስጥ የሰበሰብኋቸው 11 ናቸው። ከእነዚህም አንዱ ከቅድመ አያቴ የወረደ ጎራዴ ነው። ሁለቱ እጀታቸው ቀንድ የሆነ የሥጋ ቢላዋዎች፥ የቀሩትም ከዚህም ከዚያም ያገኘኋቸው ልዩ ልዩ ካራዎች ናቸው። ከሁሉ የምታንሰውና ዋጋም የሌላት የምትመስለው፥ የእናቴ ወንድም ብራና ይፍቁባት፥ ብርዕም ይቀርጹባት የነበረች እጀታዋ ወይራ የሆነ አጭር ካራ ናት።

በየካቲት አንድ ቀን፥ የማከብራቸው አንድ መሪጌታ፥ ራሳቸው ብራና ፍቀው የሚጽፉ፥ ሊጠይቁኝ መጡ። ሣጥኑን ከፍቼ አሳየኋቸው። ጎራዴውን አይተው ዝም አሉ፤ ካራይቱን ግን አንሥተው ስለቷን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና፥ «ልጄ፥ ይህችን ምን አጥፍታ አሰርሃት?» አሉኝ። «የኔታ፥ አላሰርኋትም፤ እየጠበቅኋት ነው» ብላቸው፥ «ከማን?» አሉ። መልስ አጣሁ። በኋላም ጽሕፈት የሚማር አንድ ደቀ መዝሙር እንዳላቸው፥ ከገበያ የተገዛለት ካራም ስለት አልይዝ እያለ ብርዑን እንደሚሰነጥቅበት፥ ይህችን ብሰጠው መልካም እንደሚሆን ነገሩኝ። እኔም አንድ ሳምንት እንዲታገሡኝ ለመንኋቸው። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ ሳምንት ነው።

የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ንፉግ ነው ማለት ግፍ ነው። ካራ በተሳለ ቁጥር ከብረቱ ጥቂት ይቀነሳል፤ ስለት የሚገዛው በካራው በራሱ ሥጋ ነውና። የአጎቴ ካራ ወርዷ ቀድሞ ሁለት ጣት ያህል እንደ ነበረ ከእጀታዋ አጠገብ በቀረው ምልክት ይታወቃል፤ ዛሬ ግን ከአንድ ጣት አይበልጥም። ሌላ ሠላሳ ዓመት ቢሠራባት ወስፌ ትሆናለች። ያን ጊዜ የአጎቴ አውራ ጣት በዘመን ብዛት ያሰረጎደው ያ ወይራ ወዴት ይገኛል? የልጅ ልጆቼስ የአባቶቻቸው መጻሕፍት በምን ዓይነት ብረት እንደ ተሠሩ በምን ያውቃሉ? አባቶች ያቆዩትን ጨርሶ በልቶ ለሚመጣው ትውልድ ወሬውን ብቻ የሚያተርፍ ሰው ዕዳ አለበት። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም፤ እኔም እስከ ዛሬ ፈጽሜ አልረታሁትም።

ሣጥን ይጠብቃል የሚለው ሐሳብ ግን ሐሰት ነው። ብረት የሚዝገው ውኃና አየር ሲገናኙበት ነው፤ ደብረ ማርቆስም ከፍታዋ ከ2,400 ሜትር የሚበልጥ፥ ክረምቷም የረዘመ አገር ናት። ቆዳው ከእርጥበት ይጋርደዋል ብዬ የቅድመ አያቴን ጎራዴ ከአፎቱ ሳላወጣ ብዙ ክረምት አሳለፍሁ፤ አንድ ጥቅምት ልምዘዘው ብል እንቢ አለኝ። ለካ ቆዳ እርጥበትን ጠጥቶ ያቆያል፤ ሲለፋም የቀረበት ጨውና ኮምጣጣ ነገር ብረቱን ይበላዋል። የሙዚየም ሠራተኞች ስለቱን ከአፎቱ ለይተው፥ ጠርገው፥ ዘይት ቀብተው በደረቅ ስፍራ የሚያኖሩት ስለዚህ ነው። በአንጻሩ በየበዓሉ በግ የሚታረድበት ቢላዋዬ፥ ታጥቦ፥ ደርቆ፥ በሞራ ታሽቶ የሚሰቀል ነውና አንድ ነጥብ ዝገት የለበትም። (በጾም ወራት እርሱም ያርፋል፤ ለእርሱም ሳይበጀው አልቀረም።) እንግዲህ እጠብቃለሁ የሚል ሰው መጠበቅ ራሱ ሥራ መሆኑን ይወቅ፤ እኔ ግን ስጠብቅ ሳይሆን ስረሳ ነበር የኖርሁት።

ወደ መጻሕፍት ብንመለስ፥ ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የቀረበው ታሪክ በቀዳማዊ ሳሙኤል በ21ኛው ምዕራፍ ያለው ይመስለኛል። ካህናት አንባቢዎቼ ያውቁታልና በአጭሩ እናገራለሁ። ዳዊት ከሳኦል ሸሽቶ ወደ ኖብ ወደ ካህኑ ወደ አቢሜሌክ በመጣ ጊዜ ሁለት ነገር ለመነ፤ እንጀራና መሣሪያ። በዚያ የተገኘው እንጀራ በእግዚአብሔር ፊት የሚኖረው ኅብስት ነበር። የተገኘውም መሣሪያ ዳዊት ራሱ በኤላ ሸለቆ የገደለው የጎልያድ ሰይፍ ብቻ ነበር፤ እርሱም በጨርቅ ተጠቅልሎ ከኤፉዱ በስተኋላ ተቀምጦ ነበር። ካህኑ ሁለቱንም ሰጠው።

ሰይፍን ጠቅልሎ ከንዋየ ቅድሳት ጋራ ማኖር የእኛ ብቻ ልማድ እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል። ነገር ግን ሁለቱ ጥበቃዎች አንድ እንዳልሆኑ እናስተውል። ኅብስቱ የተቀደሰ ቢሆንም ለዘላለም አልተቀመጠም፤ በየሰንበቱ ትኩስ ኅብስት ይተካና የቀደመውን ካህናቱ ይበሉት ነበር። መበላቱ ከመጠበቁ ጋራ አብሮ የተሠራ ሥርዓት ነው። ሰይፉ ግን ምትክ አልነበረውም። ዳዊትስ ያን ሰይፍ ይዞ የሄደው ወዴት ነው? ወደ ጌት፥ ወደ ጎልያድ አገር፥ ወደ ንጉሡ ወደ አንኩስ! በዚያም ከሞት ያወጣው ሰይፉ አይደለም፤ እብድ መስሎ በሩን እየቧጨረ ለሃጩን በጢሙ ላይ ማዝረብረቡ ነው። ካህኑ አቢሜሌክም ስለ ሰጠው ነገር ከነወገኖቹ በኤዶማዊው በዶይቅ እጅ አለቀ። ከብዙ ዘመን በኋላ ጌታችን ይህን ታሪክ ለፈሪሳውያን ባነሣ ጊዜ የኅብስቱን ነገር ጠቀሰ፤ የሰይፉን ግን አልጠቀሰም። ይህ ዝምታ ብዙ ሌሊት አሳስቦኛል።

ስለዚህ በአንድ ሣጥን ውስጥ ያሉ ስለቶች ሁሉ በአንድ ፍርድ ሊዳኙ አይገባም እላለሁ። የኅብስቱ ወገን የሆነ ካራ አለ፤ የጎልያድ ሰይፍ ወገን የሆነም አለ።

የቅድመ አያቴ ጎራዴ የሁለተኛው ወገን ነው። ብረቱ በአገራችን የተቀጠቀጠ አይመስለኝም፤ በዚያ ዘመን ዞሊንገን ከምትባል የጀርመን ከተማ የጎራዴ ብረት እየመጣ እጀታውና አፎቱ እዚህ ይበጅለት ነበር፤ እጀታውም ብዙ ጊዜ የአውራሪስ ቀንድ ነው። የአገራችን ሰው ሰይፉን በቀኝ ጎኑ ይታጠቅ ነበር፤ ግራ እጁ ለጋሻ ነውና። ሾተልም እንደ ማጭድ የተጠማዘዘው የባላጋራን ጋሻ ዞሮ እንዲወጋ ነው። እነዚህን ነገሮች የሚናገር ሰው ቢጠፋ ጉዳት ነው፤ የሚሠራባቸው ሰው ቢጠፋ ግን ምስጋና ነው።

ይህ ጎራዴ በየት እንደ ዋለ በቤታችን ሁለት ወሬ አለ። አንዱ በእንባቦ፥ ሁለተኛው በዐድዋ ነው ይላል። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። በ1874 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋራ በእንባቦ ተዋግተው ድል ሆኑና ተማረኩ፤ ከ14 ዓመት በኋላ፥ በ1888 ዓ.ም.፥ እኒሁ ንጉሥ የጎጃምን ሠራዊት አስከትለው ከዐፄ ምኒልክ ጋራ በዐድዋ ተሰለፉ። አንድ ሰው አንድ ጎራዴ ታጥቆ በሁለቱም ሊውል ይችል ነበር። በቤታችን ሽማግሌዎች ስለ ዐድዋ ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ ይል ነበር፤ ወደ እንባቦ ሲደርሱ ግን ዝቅ ይላል፥ ወሬውም ወደ ሌላ ይዞራል። ብረቱ ይህን አይለይም። የወንድም ደም ይሁን የባዕድ ደም፥ ሁለቱንም አጥቦ ያው ብረት ሆኖ ተቀምጧል።

አንድ ወዳጄ የነቢዩን የኢሳይያስን ትንቢት አንሥቶ፥ «ለምን ማጭድ አታስቀጠቅጠውም?» አለኝ። ነቢዩ ኢዩኤል ደግሞ ነገሩን ገልብጦ እንደ ተናገረ ባስታውሰው ሣቀ። ሐሳቡ ግን ያማረ ነውና አሰብሁበት። ማጭድ ቢሆን ያ ዝቅ የሚለው ድምፅ አብሮ ይቀልጥብናል፤ እኛም ዐድዋን ብቻ ይዘን እንቀራለን። ስለዚህ አልሠራበትም፥ አልለውጠውም፥ በእንግዳ መቀበያ ግድግዳም አልሰቅለውም። ከአፎቱ ለይቼ፥ ዘይት ቀብቼ፥ ሁለቱንም ወሬ በወረቀት ጽፌ ከጨርቁ ጋራ አኑሬዋለሁ።

የካራይቱ ነገር ሌላ ነው። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተዘፍዝፎ፥ በእንጨት ላይ ተወጥሮ፥ ሥጋውና ጠጉሩ እስኪጠራ ድረስ ካልተፋቀ ብራና አይሆንም። ብርዑም ከመቃ ወይም ከሸምበቆ የሚቀረጽ ነውና ጫፉ ቶሎ ይደንዛል፤ ጸሓፊ በአንድ ቀን ስንት ጊዜ እንደሚቀርጸው የጻፈ ያውቃል። ካራ ከሌለ መጽሐፍ የለም። ካራይቱን በሣጥን አኑሬ ጽሕፈቱ ከአገር ቢጠፋ የጠበቅሁት ምንድን ነው?

ከዚህ የሚከፋም አለ። ካራን እንሰበስባለን፤ ካራውን የሠራውን እጅ ግን ስንሰድብ ኖረናል። ቀጥቃጩን ጠይብ፥ ቡዳ እያልን ከማኅበር ለየነው፤ ልጃችንን አንድርለትም፥ ልጁንም አናገባም አልን፤ በማግሥቱ ግን ማረሻችንን ይዘን ከደጁ ቆምን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በእጁ ሥራ መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን እስከ ዛሬ ከአንደበታችን ፈጽሞ አልወጣም። እኔም ራሴን ስመረምር፥ በሣጥኔ ካሉት 11 ስለቶች የአንዱን እንኳ ሠሪ ስም አላውቅም። የማንን ወገብ እንዳጌጠ፥ በስንት ብር እንደ ተገዛ፥ ከማን እጅ ወደ ማን እንደ ተላለፈ በመዝገብ ጽፌአለሁ፤ ማን ቀጠቀጠው ብዬ ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ዛሬም ከመኪና ባሌስትራ ጥሩ ካራ የሚያወጣ ባለ እጅ አለ፤ የሚያዝዘው ሰው ካጣ ግን ሥራውን ለልጁ ስለ ምን ያስተምረዋል?

በጃፓን አገር ኢሴ የሚባል ታላቅ መቅደስ አለ። እምነታቸው ከእኛ የራቀ ቢሆንም ልማዳቸውን መስማት ይጠቅማል። በየ20 ዓመቱ አዲሱን መቅደስ ከአሮጌው አጠገብ ይሠሩና አሮጌውን ያፈርሳሉ፤ የቅርቡ በ2006 ዓ.ም. ተፈጽሟል። ከሕንጻውም ጋራ በውስጡ የሚቀመጡትን ንዋያት፥ ሰይፎችን ጭምር፥ በአዲስ ያሠራሉ። 20 ዓመት ማለት ሽማግሌው ሳያልፍ ወጣቱ አጠገቡ ቆሞ የሚማርበት ጊዜ ነው። የኖቡን ኅብስት አሰብሁ፤ በየሰንበቱ የሚተካውን።

ሳምንቱ ሲፈጸም ካራይቱን በመሐረብ ጠቅልዬ ወደ መሪጌታ ሄድሁ። በመንገድ ላይ ልቤ ተመለሰ። ውል እናድርግ ልበላቸውን? በዓመት አንድ ጊዜ ልያት ልበልን? ከሞረድ በቀር በኤሌክትሪክ መሳያ እንዳትሳል፥ ሙቀቱ የብረቱን ጥንካሬ ይፈታዋልና፥ ብዬ ላስጠንቅቅን? እያልሁ ደረስሁ። ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ተናገርሁ።

«የኔታ፥ ተስላ ተስላ ስታልቅስ?» አልኋቸው።

«ያን ጊዜ አንተ ሌላ ታስቀጠቅጣለህ» አሉኝ፤ ነገሩ ያለቀ ያህል።

ይህ ከቶ በልቤ አልገባም ነበር። በማግሥቱ ወደ አንድ ባለ እጅ ሄጄ የካራይቱን መልክ በወረቀት ሥዬ አሳየሁት፤ ስሙንም ጠይቄ በመዝገቤ ጻፍሁ። ስሙን ለምን እንደ ፈለግሁት ግራ ገባው፤ ግብር ሰብሳቢ ሳልመስለው አልቀረሁም።

በሰኔ መጀመሪያ ካራይቱን አየኋት። ብረቷ ጠቁሯል፥ ስለቷ ግን እንደ ውኃ ያበራል። ደቀ መዝሙሩ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ብርዕ ይቀርጽባት ነበር። ልጁ ግራኝ ነው፤ ለእጁ እንዲመቸው የአጎቴ አውራ ጣት ያሰረጎደውን ወይራ ፍቆ አስተካክሎታል። አዘንሁ፤ ምንም አልተናገርሁም። ያዘዝኋት አዲሲቱ ካራ ከባለ እጁ ዘንድ ገና አልመጣችም።