ፖስታ ሳይከፈት አይደር

ልጄ፣ ዲቪ ደርሶሽ ዲሲ ከገባሽ ወዲህ በደወልሽልኝ ቁጥር የምሰማው ስለ ትናንሽ ነገር ነው። ሥራ አግኝተሻል፣ ብርዱንም ለምደሽዋል። የሚያስለቅስሽ የባንክ ካርድሽ ወደ ድሮ አድራሻሽ መላኩ፣ አንዲት ወረቀት ጎደለች ተብለሽ ከመስኮት መመለስሽ፣ ስልክ ላይ ጠብቂ ተብለሽ ሙዚቃ እየሰማሽ ምሳ ሰዓትሽ ማለቁ ነው። አልፈርድብሽም።

አገር ቤት ጉዳይ የሚያልቀው በሰው ነው። አንድ ቢሮ ከመሄዳችን በፊት «እዚያ የምታውቁት አለ?» እንላለን። ፋይሉ ጠፋ ቢባል እንኳ ለምነሽ፣ ተቆጥተሽ፣ ተመላልሰሽ፣ አንዷ አዝና ትፈልግልሻለች። እዚህ ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ሴት ብታዝንልሽም ኮምፒውተሩ እምቢ ካላት ምንም አታመጣም። ፊቷ ስለጠቆረ ናቀችኝ ብለሽ እንቅልፍ አትጪ። የሚንቅ የለም አልልሽም፣ አለ። ብዙውን ጊዜ ግን ያን ሁሉ ንዴት ያመጣችው አንዲት ፊደል ናት።

ጽጌ የምትባል ልጅ ፓስፖርቷ ላይ በ«ቲ»፣ ባንክ ላይ በ«ኤስ» ከተጻፈች ለኛ ያችው ጽጌ ናት፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ሴቶች ናቸው። ስለዚህ ግሪን ካርድሽ ላይ ያለውን አጻጻፍ ይዘሽ በሄድሽበት ሁሉ እሱኑ ጻፊ፣ ዓይንሽን ቢያስቀይመውም። መታረም ካለበት ከግሪን ካርዱ ይጀመር እንጂ በየመሥሪያ ቤቱ እየዞርሽ አታስተካክዪው። ደግሞ የአያት ስምሽን ልመጂው። ክሊኒክ ቁጭ ብለሽ ነርሷ በሩን ከፍታ የሆነ ስም ትጠራለች። ማንም አይነሳም። ደግማ ትጠራለች፣ አሁንም ዝም። እየተጠሩ ያሉት አያትሽ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና አሜሪካን በዓይናቸው አላዩም፣ ተነሺላቸው። አለዚያ ተራሽ ያልፋል፣ «ሳትመጣ ቀረች» ተብሎም ክፍያ ሊከተልሽ ይችላል።

ቀን ላይም ተጠንቀቂ። እዚህ ወር ይቀድማል፤ 05/06 ማለት ሜይ 6 ነው። የልደት ዘመን ደግሞ ሲገለበጥ ጉድ ያመጣል። በኛ 1985 የተወለደ ሰው በፈረንጅ 1992 ወይም 1993 ነው። ሳያሰላ 1985ን እንዳለ የጻፈ በአንድ ጊዜ ሰባት ስምንት ዓመት አርጅቶ አሜሪካ ይገባል፣ ልጆቹም ኬክ ላይ ስንት ሻማ እንደሚሰኩ ግራ ይገባቸዋል። ቀጠሮ ሲሰጥሽ ሰዓቱን በእነሱ አቆጣጠር ብቻ መዝግቢ። «በሁለት ሰዓት» ብለሽ በኛ አፍ ለጓደኛሽ ነግረሽ፣ ሸኚኝ ያልሻት ልጅ ከቀትር በኋላ ስትመጣ አይቻለሁ።

እንግሊዝኛ እንደምትችዪ አውቃለሁ። የኢንሹራንስ እንግሊዝኛ ግን ለፈረንጁም አይገባውም፣ አትፈሪ። ዲሲ በፈረንጅ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ሕግ አላት፤ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፣ አማርኛ ከሚሠሩባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተናውንም በአማርኛ መፈተን ይቻላል። ሆስፒታል ስትሄጂም «አማርኛ» ብለሽ ጠይቂ፣ በነፃ ነው። የጎረቤት ሕፃን ይዛ ሄዳ ስለ ማህፀኗ የምታስተረጉም ሴት አይቼ አንጀቴን በልታኛለች። ስልክ ስትደውዪ እስክሪብቶና የመጣልሽ ደብዳቤ እጅሽ ላይ ይሁን። ያነጋገረሽን ሰው ስም፣ ቀኑንና የሰጠሽን ቁጥር ጻፊ። «ባለፈው አንዱ ነግሮኛል» ብትዪ የሚሰማሽ የለም፤ ስሙንና ቀኑን ስትጠሪ ግን ድምፃቸው ይቀየራል።

ትልቁ ነገር ፖስታው ነው። ያንቺ ዘመን ልጅ ስልኩን በየደቂቃው እያየ የፖስታ ሳጥኑን ወር ሙሉ ይረሳዋል። ይሄ መንግሥት ደግሞ የሚያናግርሽ በወረቀት ነው። እርግጥ ከውስጡ ብዙው ማስታወቂያ ነው፤ የፒዛ ቅናሽ፣ የመኪና መሸጫ፣ «ለክሬዲት ካርድ ተመርጠሻል» የሚል። መሃላቸው ላይ ግን አንድ ቀጭን ነጭ ፖስታ ይሸጎጣል። ስትከፍቺው የመኪናሽ ሰሌዳ ፎቶ አለ፤ የፍጥነት ካሜራ ነው። ከላይ ቀን ተጽፏል፣ ከሥር ብር። በጊዜው ከከፈልሽ ወይም ከተከራከርሽ እዚያው ያልቃል። ካደረ ቅጣት ይወልዳል፣ ሲደራረብም የመኪናሽን ጎማ ሊያስቆልፍ ይችላል። ምንም ያልተናገረ ፖስታ ላይ ነው ሰው የሚከስረው። ስለዚህ ጫማሽን ሳታወልቂ ክፈቺው፤ የማይረባውን እዚያው ጣዪ፣ ቀን ያለበትን ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፊ፣ የቀረውን በአንድ ማኅደር አስቀምጪ። ቤት ስትቀይሪ ለፖስታ ቤቱ ማሳወቅ ብቻ አይበቃም፤ አንቺ ገና ዜጋ ስላልሆንሽ በ10 ቀን ውስጥ አድራሻሽን ለኢሚግሬሽን መንገር አለብሽ። ቅጹ ኤአር-11 ይባላል፣ በኢንተርኔት ይሞላል፣ ገንዘብ አይጠየቅበትም። «እሞላልሻለሁ» ብሎ ብር የሚጠይቅ ካለ ሳቂበት። የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድሽን ደግሞ ቦርሳ ውስጥ ይዘሽ አትዙሪ፣ ቤት ትቀመጥ። ብትጠፋ ምትኳ በነፃ ነው፣ ግን በዓመት ከ3 በላይ፣ በዕድሜ ልክ ከ10 በላይ አይሰጡሽም።

አንድ ቀን ደግሞ ስልክሽ ይጠራና «ታክስ አልከፈልሽም፣ ፖሊስ እየመጣ ነው፣ የስጦታ ካርድ ገዝተሽ ቁጥሩን ንገሪን» የሚል ወፍራም ድምፅ ይመጣል። ሌባ ነው። ታክስ ሰብሳቢው ዕዳ ካለብሽ አስቀድሞ ደብዳቤ ይልካል፣ በስጦታ ካርድ ክፈዪም አይልም። እዚያው ላዩ ላይ ዝጊው። ደጋግሞ ከደወለና ልብሽን ካራደው ለኔ ደውዪ፤ እኔ የማታ ፈረቃ ነው የምሠራው፣ ቀን ቀን አነሳለሁ።