የተወሰደ ነገር «አስተዋጽኦ» ይባላል?

«አፍሪካ ለዓለም ሥልጣኔ ያበረከተችው አስተዋጽኦ» ሲባል በሰማሁ ቁጥር «ማበርከት» የምትለው ቃል ትከነክነኛለች። የሚያበረክት ሰው ወድዶ ነው የሚሰጥ።

በ1897 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር በዛሬይቱ ናይጄሪያ የምትገኘውን የቤኒን ከተማ ወርሮ፣ ከንጉሡ ከኦባው ቤተ መንግሥት በሺህ የሚቆጠሩ የነሐስና የዝሆን ጥርስ ሥራዎችን አጋዘ። ሥራዎቹ አውሮፓ ሲደርሱ ሊቃውንቱ ጥበቡን አደነቁ፤ ሠሪውን ግን ተጠራጠሩ። ፖርቱጋሎች አስተምረዋቸው ይሆናል ያሉም ነበሩ። ዕቃውን ወስደው ሲያበቁ ዕውቀቱንም ሊወስዱ! እኔን ከዝርፊያው ይልቅ የሚያመኝ ይኸኛው ነው።

ይሁንና «ባይወሰዱ ኖሮ ዓለም በምን ያውቃቸው ነበር?» የሚል አይጠፋም። ቀላል ጥያቄ አይደለም። ፒካሶ በ1907 እ.ኤ.አ. ፓሪስ በሚገኝ ሙዚየም ያያቸው የአፍሪካ ጭምብሎች የአሣሣል መንገዱን አስለውጠውታል፤ የእሱም መንገድ የብዙዎችን። (የጠራቢዎቹን ስም የመዘገበ ግን የለም።) ታዲያ ጎረቤቴ በጌን ሰርቆ፣ አርዶ ነዳያንን ቢያበላ፣ ዝክሩን እኔ ደገስኩ ሊባል ነው?

ጀርመን በ2022 እ.ኤ.አ. 20 ያህል የቤኒን ነሐሶችን ለናይጄሪያ አስረክባለች። የለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ግን ዛሬም ከ900 በላይ የቤኒን ዕቃዎች ይዟል። ከመቅደላ የተወሰዱት ታቦቶቻችንም በዚያው ሙዚየም እጅ ናቸው።