«ዶክተሩ ነው ያዘዘኝ» ማለት ያድናልን?



እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ሆፍሊንግ የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ጥናት አሳተመ። የማያውቁት ሰው «ዶክተር ነኝ» እያለ በሥራ ላይ ለነበሩ 22 ነርሶች በየተራ ስልክ ደወለ። ለአንድ በሽተኛ 20 ሚሊግራም መድኃኒት እንዲሰጡ አዘዘ። በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ ግን በቀን ከ10 ሚሊግራም በላይ እንዳይሰጥ ተጽፎ ነበር። በስልክ ማዘዝም በደንብ የተከለከለ ነበር። ሆኖም ከ22ቱ 21ዱ መድኃኒቱን ይዘው ወደ በሽተኛው አመሩ። መድኃኒቱ ለሙከራ የተዘጋጀና ጉዳት የሌለው ሲሆን፣ ነርሶቹም ከመስጠታቸው በፊት እንዲቆሙ ተደረገ።

እነዚህ ነርሶች ጨካኞች አልነበሩም። ያሸነፋቸው የበላይን ትእዛዝ ያለ ጥያቄ የመቀበል ልማድ ነው። ይህ ልማድ በእኛስ ዘንድ የለምን?

በኢስላም የበሽተኛ ሕይወት በአስታማሚው እጅ ያለ አማና ነው። ቅዱስ ቁርኣን አንዲት ነፍስ የሌላዋን ኃጢአት እንደማትሸከም ያስተምረናል። በቂያማ ቀን ዶክተሩ ስላዘዘው ይጠየቃል፤ ሲስተሯም በእጇ ስለሰጠችው ትጠየቃለች።

ይህ ማለት ግን ነርስ በሐኪም ላይ ታምፅ ማለት አይደለም። ትእዛዙ ካጠራጠራት መርፌውን ታስቀምጥና ሐኪሙን መልሳ ትጠይቅ፤ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥላት ታድርግ፤ እምቢ ካለ ለኃላፊዋ ታሳውቅ። ስህተት ከተፈጸመም ወዲያውኑ ትናገር፤ በሽተኛው ሊተርፍ የሚችለው ጊዜው ሳያልፍ ነውና። ያልለኩትን የደም ግፊት በካርድ ላይ መሙላትም በሐሰት መመስከር ነው፤ ቀጣዩ ተረኛ ያንን አምኖ ያክማልና። የጠየቀችውን ነርስ «አንቺ ማነሽ?» ብሎ የሚያሸማቅቅ ሐኪምም ከኃጢአቱ ድርሻ አለው።

«ደመወዙ አነስተኛ፣ በሽተኛው ብዙ ነው» ይባል ይሆናል። እውነት ነው። የሥራ መብዛት ግን ለመዘግየት ምክንያት ቢሆን እንጂ ለመዋሸት ምክንያት አይሆንም።

ሙያው ክቡር ነው። በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ በኸንደቅ ዘመቻ የቆሰሉት ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ (ረ.ዐ.) የታከሙት ቁስለኞችን ያክሙ በነበሩት በሩፈይዳ (ረ.ዐ.) ድንኳን ነበር። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በዚያ ሲያልፉ እንዴት እንዳደሩ፣ እንዴት እንዳመሹ ይጠይቋቸው ነበር። የዛሬዋ ነርስ የቆመችው በእኚያ ሴት ቦታ ነው። የቦታውን ክብር ትወቀው፤ ኃላፊነቱንም አትርሳው።

አላህ አማናቸውን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን!