የጠመንጃ ነጋዴ በእንጦጦ

ጠመንጃ የሚሸጥ ሰው ለሚፈሰው ደም ይጠየቃል? ጥያቄው እንጦጦ ላይ ባለጉዳይ ነበረው። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ በ1887 እ.ኤ.አ. ከታጁራ በግመል ቅፍለት ያመጣውን ጠመንጃ ለምኒልክ አቀረበ፤ ንጉሡ ሐረርን ይዘው የተመለሱበት ሰሞን ነበር። ምኒልክ ዋጋውን ዝቅ አድርገው፣ የሟች ሸሪኩን የላባቱን ዕዳ ቀንሰው፣ ክፍያውን በሐረሩ ገዥ በመኮንን ላይ ጻፉለት። ራምቦ ለኤደኑ የፈረንሳይ ምክትል ቆንስል የላከው ደብዳቤ ወጪና ኪሳራውን በዝርዝር ያሰላል። በ1888 እ.ኤ.አ. ሐረር ንግድ ቤት ከፈተ፤ ምኒልክም በ1882 ዓ.ም. (1889 እ.ኤ.አ.) በእንጦጦ ማርያም የንጉሠ ነገሥት ዘውድ ደፉ። መሣሪያ አገር ይጠብቃል፤ አገርም ይወርራል። ምርጫው በዋናነት የገዢው ነው። ሐረር በጦር መያዟን እያወቀ የሸጠ ነጋዴ ግን ከድርሻው ነፃ አይደለም፤ ኪሳራውም ይህን አይቀንስለትም።