ስለ ሽታና ስለ ፍርድ

ሰው የገዛ ራሱን ጠረን ያውቃልን? ይህን ጥያቄ እንዳነሣ ያደረገችኝ ከትንሽ ጣት ያነሰች የብርጭቆ ብልቃጥ ናት። ዱባይ ተቀምጦ የሚሠራው የእኅቴ ልጅ ባለፈው ፋሲካ ሊጠይቀኝ ሲመጣ፥ የወንድ ሽቶ ናሙና ነው ብሎ ሰጠኝ። ውስጧ ያለው ሁለት ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። «ጋሼ፥ ከወደዱት ትልቁን እልክልዎታለሁ፤ ዋጋውም አያስፈራም» አለኝ።

ሽቶው አርማፍ የተባለ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ኩባንያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. ያወጣው ክለብ ደ ኑዊ ኢንቴንስ ማን የሚሉት ነው። ክሪድ የተባለው ቤት በ2010 ካወጣው ከአቬንቱስ ጋር በሽታ ይቀራረባል እየተባለ ይነገርለታል፤ በዋጋ ግን የአንዱና የሌላው ርቀት የአህያና የበቅሎ ያህል ነው። ርካሹ ውዱን መምሰሉ ማታለል አይደለም ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ በዚህ ብዙ አልጨነቅም፤ ሽቶ የተቀባ ሰው ስለ ዋጋው ለማንም ቃል አልገባምና።

አንድ ቀን ጧት ከእጄ አንጓ ላይ ሁለት ጠብታ አደረግሁ። መጀመሪያ የመጣው ዓይን የሚያስጨፍን የሎሚ ሽታ ነበር፤ ከኋላው አናናስ የሚመስል ጣፋጭነት ተከተለ። የሎሚ ዘይት ቶሎ የሚተን ስለ ሆነ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ለዘብ አለ። በዚያን ጊዜ ከሥሩ ጢስ ብቅ አለ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በርች የሚባል የሰሜን አገር ዛፍ አለ፤ ከቅርፊቱ በእሳት የሚወጣው ዝፍት ጢስ ጢስ፥ ቆዳ ቆዳ ይላል። ሽቶ ቀማሚዎችም ይህን ሽታ ለወንድ ተስማሚ ነው ብለው ይወዱታል።

ከአንድ ሰዓት በኋላ እጄን ባሸት ምንም የለም። ለርካሽ ዕቃ ይህም ይበዛበታል ብዬ ተውሁት። ነገር ግን ለቡና ልትጠራኝ የመጣችው ጎረቤቴ ገና ከደጃፉ ሆና «ዛሬስ ምን የመሰለ ሽታ ነው መምህር!» አለችኝ። ለካ ሽቶው አልጠፋም፤ የደከመው የኔ አፍንጫ ነበር። አንድ ሽታ ሳይለወጥ ሲቆይበት አፍንጫ መልእክቱን ወደ አእምሮ ማድረሱን እየቀነሰ ይሄዳል። አዲስ ሽታ ሲመጣ እንዲያስታውቅ የተሠራ ዘበኛ ነውና፥ የቤቱን ሰው እየለየ ያልፈዋል። እንግዲህ የሰውን ጠረን ከሁሉ አሳንሶ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው ማለት ነው።

ያን ቀን ቡናውን ጠጥቼ ስመለስ ልቤ ወደ 1978 ዓ.ም. ሄደ። በዚያ ዘመን በሰሜን ሸዋ ደጋ ወጣት አስተማሪ ነበርሁ። ዛፍ ያለቀበት አገር ስለ ሆነ ሕዝቡ የሚያነደው ኩበት ነው። ከተማሪዎቼ አንዱ፥ ስሙን አልጽፈውም፥ የኩበት ጢስ ይሸት ነበር። እኔ ያደግሁት ሰኞ ሰኞ ጥፍርና ጆሮ በሚታይበት በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው፤ መጽሐፉንና ሳሙናውን ያገኘሁት ከአንድ እጅ ስለ ሆነ ሁለቱን ለይቼ አላውቃቸውም ነበር። አንድ ጧት በአርባ ልጆች ፊት «እናንተ ቤት ጢስ እንጂ ውሃ የለም ወይ?» አልሁት። ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። ልጁ አፍንጫውን ወደ ክንዱ አስጠግቶ አሸተተ፤ ግራ ገብቶትም አየኝ። እኔም ዕፍረት መሰለኝ። ዛሬ ሳስበው ግን በእውነት ምንም አልሸተተውም ነበር። እስከ ዓመቱ መጨረሻ መስኮት አጠገብ ተቀመጠ፤ እጁንም ለጥያቄ አላነሣም።

ሰኔ ላይ እናቱ የፈተናውን ውጤት ልትቀበል መጣች። ልጁ ያለው አንድ ሸሚዝ ነው። እርሷም ማታ ማታ አጥባ ምድጃ ዳር ታደርቅለት ኖሯል። «አሁንም ይሸታል ወይ፥ የኔ ጌታ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጢሱ የገባበት ከመታጠቡ የተነሣ ነበር! «የለም፥ አይሸትም» አልኋት። ይቅርታ ግን አልጠየቅኋትም።

ለብዙ ዓመት ራሴን ያጽናናሁት «የተናገርሁት እውነት ነው» በማለት ነው። እውነትነቱንስ ማን ይክዳል? ልጁ ጢስ ይሸት ነበር። ነገር ግን እኔ የፈረድሁት በሽታው ላይ አይደለም፤ ውሃ የለም ወይ ስል ስለ እናቱ እጅ መናገሬ ነበር፤ ያን ደግሞ አላየሁም። ዳኛ ያላየውን በምስክር ይፈርዳል፤ የኔ ምስክር አፍንጫዬ ብቻ ነበረ።

ጢስን ራሱን ቢሆን መቼ ጠልተነው እናውቃለን? የወተት ዕቃ በወይራ ጢስ ስናጥን ሞያ ነው እንላለን። ከከፋና ከኢናርያ በቀንድ እየታሸገ ወደ ውጭ አገር ይሄድ የነበረው የጥሪኝ ዝባድም ገና ከእንስሳዋ ሲፋቅ የሚያስነጥስ ክርፋት አለው። በአልኮል ቀጥነው ትንሽ ጠብ ሲያደርጉበት ግን የአውሮፓ መኳንንት ሽቶ ሆነ። ሩዚችካ የተባለው ሊቅ በ1926 የጠረኑን ምንጭ መርምሮ ከለየ ወዲህ በሠሪ እጅ መተካት ተችሏል፤ በጎጆ ታስራ ለምትፋቀው ለጥሪኝም ዕረፍት ነው። መልካምና ክፉ ሽታን የሚለየው መጠኑና የተገኘበት ስፍራ ከሆነ፥ ያ ልጅ የተፈረደበት ጢስ ስለ ሸተተ ሳይሆን ጢሱ የድሀ ቤት ጢስ ስለ ሆነ ነው ብዬ ልናገር ግድ ይለኛል።

ባለፈው ሳምንት የእኅቴ ልጅ ደወለልኝ። «ጋሼ፥ ሽቶው እንዴት ነው?» አለኝ።

«ጢስ ጢስ ይላል» አልሁት።

«እሱ እኮ ነው ሰዉ የሚወድለት! ትልቁን ልላክልዎት?»

ይችው ትበቃኛለች አልሁት።