ጨጓራ ብለን የናቅነው

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የጨጓራን ሕመም ግን ማንም አይደብቀውም። ቡና ላይ ይወራል፤ ምሳ ቀርቦ «ሽሮ አይስማማኝም፣ ጨጓራ አለብኝ» ይባላል፤ ወዲያው ሁሉም ሐኪም ይሆናል። አንዱ ተልባ ያዛል፣ ሌላዋ አብሽ፣ ሦስተኛው ከቦርሳው ኦሜፕራዞል አውጥቶ ያካፍላል። ዓመታት እንዲህ ያልፋሉ። የሚያወራው ብዙ ነው፤ የሚመረመረው ጥቂት። ይህ ልማድ ነውር ነው፤ ሰው ይገድላልና።

በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያላችሁ፣ ተግሣጹ አስቀድሞ የእናንተ ነው። ካንሰር የሽማግሌ በሽታ ነው ብላችሁ ደምድማችኋል። አብዛኛው የጨጓራ ሕመም ካንሰር እንዳልሆነ፣ የጨጓራ ካንሰርም ይበልጥ የሚያጠቃው በዕድሜ የገፉትን እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። ታዲያ ይህ ለማን ዋስትና ሆነ? ደቡብ ኮርያ ዜጎቿን ከ40 ዓመታቸው ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ለጨጓራ ካንሰር የምትመረምር አገር ናት። የዚያው አገር ዘፋኝ ሊም ዩን ቴክ፣ ኡላላ ሴሽን ከተባለው ቡድኑ ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 የታወቀ የቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር ሲያሸንፍ የጨጓራ ካንሰር ይዞት ነበር። በ2013 መጀመሪያ ሲሞት ገና የሠላሳዎቹን ዕድሜ መጀመሩ ነበር፤ አገሩ የምትመረምርበት ዕድሜ ላይ አልደረሰም። በአሜሪካም በሽታው በአረጋውያን ላይ ለአሥርት ዓመታት እየቀነሰ ሲመጣ፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ከ60 ዓመት በታች ባሉት ላይ መጨመሩን ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ወጣቱን የሚጠራው ዘመቻ የለም። ራሱን ካልጠበቀ ጠባቂ የለውም።

በወጣት ላይ የሚመጣው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ክፉው ዓይነት ነው። በአንድ ቦታ አብጦ አይታይም። ሴሎቹ ተበታትነው ከጨጓራው ውስጠኛ ሽፋን ሥር ይሰራጫሉ፤ ግድግዳው ይወፍራል፣ ጨጓራው እንደ ደረቀ ስልቻ መለጠጥ ያቅተዋል። እንዲህ የሆነበት ሰው ሁለት ጉርሻ በልቶ «ጠገብኩ» ይላል። እኛስ ምን እንላለን? ሲከሳ «አማረብህ» እንላለን። ሴት ልጅ ስታስታውክ «አርግዛ ይሆናል» ብለን እንጠቃቀሳለን፤ በእርግጥ ያረገዘች ከሆነችም ትውከቱን ሁሉ በእርግዝናው እናሳብባለን። ደሟ አንሶ ፊቷ ሲገረጣ «ሥራ በዝቶባት ነው» እንላለን። ሰገራው ሲጠቁር ደግሞ ታማሚው ራሱ አፍሮ ዝም ይላል። የብረት ኪኒን የማይወስድ ሰው ሰገራው ከጠቆረ፣ ከጨጓራው ወይም ከዚያው አካባቢ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። በዚህ ሁሉ መሀል ካንሰሩ ወደ ሆድ ዕቃ ሽፋን፣ በሴቶችም ወደ እንቁላል ማምረቻ ይሻገራል። ከዚያ በኋላ ቀዶ ሕክምና ብዙ አይረዳም።

ኦሜፕራዞል በቦታው ጥሩ መድኃኒት ነው። አሲድ ይቀንሳል። አሲድ ሲቀንስ ግን በካንሰር የቆሰለ ጨጓራም ሕመሙ ፋታ ይሰጣል፤ ቁስሉ ከላይ የዳነ መስሎ ኢንዶስኮፒ የሚያደርገውን፣ ማለትም ቱቦ አስገብቶ ጨጓራውን የሚያየውን ሐኪም እንኳ ሊያሳስት ይችላል። ሕመሙ ታገሰላችሁ እንጂ በሽታው ስለመልቀቁ ማረጋገጫ የላችሁም። እናንተስ ከፋርማሲው ባንኮኒ ጀርባ የቆማችሁ? ያው ልጅ በየወሩ ሲመላለስ ታያላችሁ። ልብሱ እየሰፋው መሄዱንም ታያላችሁ። «ስንት ጊዜ ሆነህ? ታስታውካለህ? ተመርምረሃል?» ብላችሁ ሳትጠይቁ ዋጋውን ተቀብላችሁ ትሸኙታላችሁ። የተማራችሁት ይህን አይደለም።

ሽሮን፣ በርበሬንና ጾምን ስንከስስ ዋናውን ጥፋተኛ ትተነዋል። ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል በአውስትራሊያ ፐርዝ ከተማ ኤች ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ ከሕሙማን ጨጓራ ወስደው ያሳደጉት እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ሕመሙን የሚያመጣው እሱ ነው ሲሉ የሚያምናቸው ሲጠፋ፣ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1994 ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ተርታ መደበው፤ በ2005 ሁለቱ ሐኪሞች የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ባክቴሪያው አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት፣ ከቤተሰብ ይተላለፋል። ከያዛቸው ሰዎች ለካንሰር የሚዳረጉት ጥቂቶች ናቸው፤ ግን በመድኃኒት የሚጠፋ ነገር ነው። የታይዋን ማትሱ ደሴቶች ከ2004 ጀምሮ ነዋሪዎቻቸውን በጅምላ እየመረመሩና እያከሙ በጨጓራ ካንሰር አዲስ የሚያዘውን ሰው ቁጥር በግማሽ ያህል ቀንሰዋል።

እኛ ግን የአሥራ አራት ቀን መድኃኒት ታዝዞልን ገና በአምስተኛው ቀን፣ ሕመሙ ሲተወን ወይም ኪኒኑ አፋችንን መራራ ሲያደርገው፣ እናቆማለን። የተረፈውን ለጎረቤት እንሰጣለን። ባክቴሪያው መድኃኒቱን የሚላመደው እንዲህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ክላሪትሮማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ የተላመደውን ኤች ፓይሎሪ አዲስ መድኃኒት ከሚያሻቸው አሳሳቢ ባክቴሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሐኪሞችም ከዚህ ተግሣጽ አታመልጡም። ለዚህ ባክቴሪያ የሚደረገው የደም ምርመራ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ «ፖዘቲቭ» ሊል እንደሚችል ታውቃላችሁ። በዚያው ወረቀት ሌላ ዙር፣ ደግሞ ሌላ ዙር አንቲባዮቲክ ታዝዛላችሁ። መጥፋቱን የሚያሳየው ሕክምናው ካለቀ ቢያንስ አራት ሳምንት ቆይቶ የሚደረግ የሰገራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው። ደጋግሞ ታክሞ ያልተሻለውን፣ ሥጋው እያለቀ ያለውን ልጅ «ገና ወጣት ነህ፣ ጭንቀት ነው» ብሎ መመለስ ደግሞ ከስንፍና የባሰ በደል ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የቤተሰብ ዝምታ ነው። አክስት ትሞታለች፤ በምን ሲባል «ትንሽ አሟት ነበር» ይባላል። አጎት ይከተላል፤ «ያ ክፉ በሽታ» ተብሎ ስሙ ሳይጠራ ይቀበራል። ልጆቹ ከደማቸው ምን እንደወረሱ ሳያውቁ ያድጋሉ። በኒውዚላንድ አንድ የማኦሪ ቤተሰብ ግን ወጣቶቹ በጨጓራ ካንሰር ተራ በተራ ሲያልቁበት ሟቾቹን ቆጥሮ፣ የዘር ሐረጉን ይዞ ለሳይንቲስቶች ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሲዲኤች1 የተባለው ዘረመል ላይ የደረሰው ጉድለት የተገኘው በእነሱ ደም ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ጉድለቱን የወረሱት አስቀድመው ይታወቃሉ፤ ካንሰሩ ሳይቀድማቸው ጨጓራቸውን በቀዶ ሕክምና አስወጥተው በሕይወት የሚኖሩ አሉ። የእኛ ዝምታ ለሟች ክብር የተደረገ ይመስለናል። ዋጋውን የሚከፍለው ግን በሕይወት ያለው ልጅ ነው።

ኢንዶስኮፒ የሚከፍሉበት ገንዘብ ያጡ፣ የሚያደርገው ሆስፒታል የራቃቸው ወገኖቼ በዚህ ቃል እንዳይቆስሉ፤ የእነሱ ጉዳይ የመንግሥትና የሁላችን ዕዳ ነው። የምወቅሰው አቅሙ እያለው ቱቦ መዋጥ ፈርቶ፣ ወይም ጊዜ የለኝም ብሎ፣ ዓመት ከዓመት በኪኒን የሚያዘግመውን ነው። አንተ ወንድሜ፣ አንቺ እህቴ፣ ሳትፈልጉ ከከሳችሁ፣ ጥቂት በልታችሁ ቶሎ ከጠገባችሁ፣ ትውከቱ ከተመላለሰ፣ መዋጥ ካቃታችሁ፣ ሰገራችሁ ከጠቆረ፣ ወይም ከቤተሰባችሁ በጨጓራ ካንሰር የሞተ ካለ፣ ይህ ሳምንት ሳያልፍ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የቤተሰባችሁን ታሪክ ሳትደብቁ ተናገሩ፤ የወሰዳችሁትን ኪኒን ሁሉ ዘርዝሩ፤ ኢንዶስኮፒ ያስፈልገኝ እንደሆነ ንገረኝ በሉት። በዕድሜያችሁ አይቶ ከመለሳችሁ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።